ለዶሮ የተቀጠፈ ሳማ

ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ በጾም ቀን ሳማ ሲቀቀል ከሸተተኝ፣ ተሳፋሪ ቢጠብቀኝም ባጃጄን አቁሜ ነው የምገባው። ሽታው ወስዶ ደምበጫ ገጠር፣ እናቴ ምድጃ ዳር ያስቀምጠኛል።

ከትምህርት ጋር ሦስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያየን፤ ሳማ በባዶ እጅ በመቅጠፍ ግን ከደምበጫ እስከ ቡሬ የሚደርስብኝ አልነበረም። ይለበልበኛል፣ እጄ ያብጣል፣ ግን ለማን እናገራለሁ?

ሐምሌ ገብቶ ጎታው ሲራቆት መንደሩ ሁሉ ሳማ ይበላ ነበር፤ በላሁ የሚል ግን አንድ ሰው አልነበረም። ለጋው የሚበቅለው ባለቤቶቹ ትተውት በሄዱት፣ ጣራው በወደቀ ቤት ጓሮ፣ በድሮው በረት ፍግ ላይ ነበር። ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ቅርጫቴን ይዤ ስሄድ፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን ጎረቤታችንን እማሆይ ጥሩዬን ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሲቀጥፉ አገኛቸው ነበር።

«ለዶሮ ነው ልጄ» ይሉኛል፣ ሳልጠይቃቸው።

«እኛም ለዶሮ ነው እማሆይ» እላለሁ። የመጨረሻዋን ዶሮ ለፋሲካ በልተናታል፤ እሳቸው ቤትም ዶሮ ጮኾ አያውቅም።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ እንደገባ፣ አንድ ጠዋት ጀግንነቴ ተነሳብኝና እሳቸውን ቀድሜ ሄጄ፣ ለጋ ለጋውን አንድ ሳላስቀር ቀጥፌ፣ ቅርጫቱን ጢም አድርጌ ገባሁ።

«ጨረስሁት» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

እናቴ ቅርጫቱን አየችው። «ለእማሆይስ?»

«ዶሮ የላቸውም» አልሁ፣ ብልህ የሆንሁ መስሎኝ።

«እሳቸው ምን ሊበሉ ነው፣ አንተ ደንቆሮ?»

ቀቅላ፣ አድቅቃ፣ የገብስ ዱቄት ነስንሳ፣ ግማሹን በድስት ሰጠችኝ። «ለዶሮዎችዎ ነው በል። ሌላ ቃል እንዳትጨምር።»

ስደርስ እማሆይ ባዶ ቅርጫታቸውን አጠገባቸው አድርገው፣ እሳት ላይ ውሃ ብቻ ጥደው ተቀምጠዋል። የታዘዝሁትን ተናገርሁ። ድስቱን ከፈቱት፣ ጨውና ቃሪያ የገባበት፣ ትኩስ። መልሰው ከድነው፣ «ዶሮዎቼ እግዜር ይስጥልን ብለዋል በላት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ መስከረም ገብቶ የበቆሎ እሸት እስኪደርስ ድረስ ለጋውን እያየሁ አጋማሹን ለእሳቸው እየተውሁ እመለስ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከመለብለቡ ይልቅ ያ ይከብደኝ ነበር።

ዛሬ ሳማ ምግብ ቤት በሳህን ይቀርባል፣ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ አዝዤ፣ ሰው እያየኝ ጠርጌ እበላለሁ። ማታ የተከራየሁት ክፍል ስገባ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቴ ሳል ይሰማኛል። በልቶ ይሁን ሳይበላ የሚያድረው ግን አላውቅም።