ሴሊያኒዝ ስድስት ዓመት የተሸከመችው

ሴሊያኒዝ ሆዷን በየወሩ በሜትር ትለካ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ የፔቲ ጓቭ ከተማ ተማሪ ግማሹ ዩኒፎርሙን የሚለብሰው ከእሷ እጅ ስለሆነ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ወሩ ሲገባ በሩን ትዘጋና ቀሚሷን ገልባ፣ ሜትሩን እምብርቷ ላይ አዙራ ትለካለች። ቁጥሩን የተማሪዎቹን ልክ በምትይዝበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ትጽፈዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገች። ከገጹ አናት ላይ የልጁ ስም ተጽፏል፤ ኤስፔራንዲዮ ይላል።

ልጅ ግን አልነበረም። አሁን እንደ ቀላል ነገር እናገረዋለሁ እንጂ ያኔ ብናገር ኖሮ ሰፈሩ በድንጋይ ነበር የሚሸኘኝ።

ነገሩ የጀመረው በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ነው። የወር አበባዋ ሁለት ወር ቀረ። ባሏ ዲዮሰል ታፕታፕ ነጂ ነው፤ በቀለም የተዥጎረጎረች ፒክአፕ፣ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ያላት፣ ሰው ከነዶሮው ከነሙዝ ቋጠሮው የሚጫንባት። ደስታውን የሚያደርግበት ቢያጣ መኪናዋን ሠዓሊ ዘንድ ወስዶ ከግንባሯ ላይ «ኤስፔራንዲዮ» ብሎ አስጻፈባት፤ ተስፋዬ በእግዚአብሔር ነው እንደ ማለት። ቀለሙ በወጉ ሳይደርቅ ደም መጣ። በሚቀጥለው ወርም መጣ፣ ከዚያም እየባሰ ሄደ። ሆዷ ግን እያደር ገፋ። ይኼን ጊዜ አማቷ እማማ ኤልሚዝ መጥተው ሆዷን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ፈረዱ።

«ፔዲሲዮን ነው» አሉ። «ልጁ ታስሯል። ደሙ ለእሱ መድረሱ ቀርቶ ወደ ታች ይፈስሳል፣ እሱም እዚያው ተኮራምቶ ቀኑን ይጠብቃል። የእኔ አክስት አራት ዓመት ተሸክማ ነው የተገላገለችው፤ ያውም ጥርስ ያለው ልጅ!»

እኛ አገር ይኼ የቀልድ ነገር አይደለም። ፔዲሲዮን ያለባት ሴት እርጉዝ ናት። ገበያ ውስጥ ቦታ ይለቀቅላታል፣ ዓይኗ ያረፈበት የሙዝ ጥብስ እንዳያምራት ተብሎ በነፃ ይሰጣታል። ባሏም አባት ነው፣ አራት ዓመት ይቆይ አሥር። መካን ብሎ የሚጠራት አይኖርም። እስቲ ፍረዱ፤ መካን ከመባልና ልጅ ታስሮባት የምትጠብቅ እናት ከመባል የቱ ይሻላል? እኔ በበኩሌ በሴሊያኒዝ አልፈርድባትም። ሴትዮዋ አመነች፤ አምናም ለካች።

በስድስተኛው ዓመት መስከረም ላይ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሰሞን፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ደፍቷት ወደቀች። ወንበሩ በደም ርሶ፣ ከሥሯ የነበረው ሰማያዊ የቀሚስ ጨርቅ ሁሉ ተበላሽቶ ነበር። ጎረቤት አንስቶ ሆስፒታል ወሰዳት። እዚያ ያገኘቻት ዶክተር የእኛው አገር ልጅ ናት፤ ንግግሯ ፈጣን፣ እጇ ለስላሳ።

«ሴሊያኒዝ፣ ሆድሽ ውስጥ ልጅ የለም» አለቻት። «እጢ ነው፤ ደግሞ አንድ ሁለት አይደለም። ደሙንም የሚያፈሰው፣ ልጅ እንዳይቆይ ያደረገውም እሱ ነው።»

«ታስሮ ይሆናላ ዶክተር።»

«የታሰረ ነገር የለም የኔ እህት። ነይ በዓይንሽ እዪው።»

የአልትራሳውንዱን ስክሪን አዞረችላት። ሴሊያኒዝ አንገቷን አስግጋ ጭንቅላት ፈለገች። እጅ ፈለገች። ክብ ክብ እብጠት ብቻ ነው ያየችው። ያን ገጽ ሙሉ ቁጥር አሰበችና ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ጮኻ አለቀሰች። ዶክተሯ እስኪወጣላት ጠበቀቻት።

«ማህፀኔን ልታወጪው ነው?» አለች በመጨረሻ።

«እጢውን ብቻ ለቅሜ ላውጣ ነው ሐሳቤ። ሠላሳ ስድስት ዓመትሽ ነው፤ ገና ነሽ። ብዙ ደም ካልፈሰሰሽ ማህፀኑ ይተርፋል። ስድስት ወር ይረፍ፣ ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ ሞክሩ። ብቻ ሁለት ሰው መጥቶ ደም ይስጥልሽ፤ ያለ እሱ ቢላዋ አላነሳም።»

ሴሊያኒዝ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰበችው ያን ደም ነው። ወላጆቿ ሞተዋል፤ እህት ወንድም የላትም። ያለው ዲዮሰልና የዲዮሰል ወንድም ነው። «ልጅ የለም» ብትላቸው ደም ይሰጣሉ? እማማ ኤልሚዝስ ወደ ሆስፒታል ይለቋታል? አማቷን ታውቃቸዋለች፤ ሐኪም የካደውን ልጅ ቅጠል በጣሽ ያሳያቸዋል። እቤት ስትደርስ ዲዮሰል በር ላይ ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ዶክተሯ ልትከፍተኝ ነው።»

«ልታወጣው?» ብሎ ከመሬት ብድግ አለ። «ልታወጣው ነው በይኛ!»

«አዎ» አለች፣ «ልታወጣው ነው።»

ይኸው ነው የሷ ጥፋት። ምን እንደሚወጣ አልነገረችም። እሱም እንደ ሕፃን ዘሎ እቅፍ አደረጋት፤ ያን ጊዜ አፏን ከፍታ እውነቱን ልትናገር ነበር፣ ደሙ ትዝ ሲላት መልሳ ዋጠችው።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት ቤተሰቡ ወደ ሆስፒታል የመጣው ለክርስትና እንደሚሄድ ሰው ነው። ዲዮሰልና ወንድሙ እጅጌያቸውን ሰብስበው እየሳቁ ደም ሰጡ። እማማ ኤልሚዝ ነጭ ጨርቅና ከስድስት ዓመት በፊት የሠሯትን ቢጫ ቆብ በዘንቢል ይዘዋል። እቤት ደግሞ ለወላድ ገላ መታጠቢያ የሚሆነውን ቅጠል፣ የጉሎውን፣ የፓፓያውን፣ የኮምጣጣ ብርቱካኑን፣ በትልቁ ድስት ቀቅለው ከድነው ነው የወጡት።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ዶክተሯ በላብ ተጠምቃ ብቅ አለች። በእጇ በሻሽ የተሸፈነ ሳህን ይዛለች። ሰው «ምንም ሳያወጡ ሰፍተው ላኳት» እያለ ስለሚያማ የወጣውን ለቤተሰብ ማሳየት ልማዷ ነው።

«አሥራ አንድ ናቸው፣ ትልቁ ይኸውላችሁ» ብላ ሻሹን ገለጠች። «ማህፀኗ ተርፏል፤ እንኳን ደስ አላችሁ!»

«ልጁስ?» አሉ እማማ ኤልሚዝ።

«የምን ልጅ?»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ሳህኑን አዩ። ጣታቸውን ዘርግተው ሳይነኩ ትልቁን አመለከቱ። «ይኼ እኮ ጭንቅላቱ ነው» አሉ። «ዲዮሰል፣ ና እይ። ቆራርጠውታል። ልጅህን ቆራርጠውታል!»

«እማማ፣ እጢ ነው፤ ለሴሊያኒዝ ገና ከመግባቷ በፊት ነግሬያታለሁ» አለች ዶክተሯ። ልታረጋጋቸው ብላ ነው ምስኪኗ! በዚህች አንዲት ቃል ቤቱን አፈረሰችው።

«ታውቅ ነበር?» አለ ዲዮሰል። እናቱን ክንዳቸውን ይዞ ወጣ፤ ቢጫዋ ቆብ ኮሪደሩ ላይ ቀረች።

ሴሊያኒዝ ከማደንዘዣው ስትነቃ አፏ ደርቆ፣ ሆዷ እሳት ሆኖ ነበር። ነርሷ «ተርፏል» ስትላት ግን ያን ሁሉ ሕመም ረሳችው። በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሏት አያውቅም፤ ኋላ ራሷ ነግራኛለች። የሚያሳዝነው፣ በጉብኝት ሰዓት በሩ በተከፈተ ቁጥር ዲዮሰል መጣ ብላ ቀና ትል ነበር። እኛ ጋ በሽተኛን የሚያበላው ቤተሰቡ ነው። አራት ቀን ሙሉ ማንም ምግብ ይዞላት አልመጣም። ከጎኗ የተኛችው ሴትዮ እናት የበቆሎ አጥሚታቸውን ከፍለው አጠጧት።

በአምስተኛው ቀን በሰው ታፕታፕ ተሳፍራ፣ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሆዷን በትራስ እየደገፈች ቤቷ ደረሰች። እማማ ኤልሚዝ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ያ የቅጠል ድስት እዚያው ከተከደነበት አለ፤ ሸትቷል።

«እንደምን አሉ እማማ?»

«ይኼ የወላድ ነው» አሉና ድስቱን እግሯ ሥር ደፉት።

ዶክተሯ ሙቅ ውሃ ቁስሉን እንዳይነካው ብላ አስጠንቅቃታለች፤ ቢሰጧትም አትታጠብበትም ነበር። ቢሆንም ያ የበሰበሰ ቅጠል ጫማዋ ላይ ተለጥፎ እዚያው ቆማ አለቀሰች። እንዴት አታለቅስ!

ከዚያ በኋላ ያገገመችው ለብቻዋ ነው። ባልዲ ማንሳት ክልክል፣ የስፌት መኪና መርገጥ ስድስት ሳምንት ክልክል። ሳል ሲመጣባት ትራሱን ሆዷ ላይ ጭና እየተንሰፈሰፈች ትስላለች። ውሃ በሲኒ በሲኒ እየቀዳች ትቀቅላለች። ዲዮሰል እመኪናው ውስጥ ማደር ጀምሯል፤ ጠዋት ሸሚዙን ሊለውጥ ይገባል፣ ሳያያት ይወጣል። ሰፈሩም አልማራትም። ገበያ የወጣች ቀን የጨው ሻጯ «ሴሊያኒዝ፣ ስንት ኪሎ መዘነ?» ብላ ሰው አሳቀችባት።

«ካንቺ ምላስ ይቀላል» አለቻት።

ግን ደሙ ቆመ። በሁለተኛው ወር የወር አበባዋ መጣ፤ ሦስት ቀን ብቻ፣ እንደ ሰው። አያችሁ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ እንደ ሰው! ያን የቁጥር ገጽ ከደብተሩ ገነጠለችና በሌላ ገጽ ሌላ ቁጥር ጀመረች፤ የስድስቱን ወር ቀን። ቁጥሩ የሞላ ዕለት ፀጉሯን ተሠርታ፣ አሣ በሎሚ ዘፍዝፋ ጠብሳ፣ ዲዮሰልን ከበር ጠበቀችው።

«ዶክተሯ አይታኛለች» አለችው። «ደህና ነው ብላለች። አሁን እንችላለን።»

ዲዮሰል ዓይኗን ማየት አቃተው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። «ስድስት ዓመት ጠበቅኩት» አለ። «በየመንገዱ ስሙን እየጠሩ ሰላም ሲሉኝ አባት ነበርኩ። አንቺ ግን እያወቅሽ ደሜን አሰጠሽኝ።»

«ልጅ አልነበረም ዲዮሰል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሰው የገደልሽበትን ቤት እኔ አልገባበትም» አለና ሸሚዙን ይዞ ወጣ። አሣው ቀዝቅዞ ቀረ።

በዓመቱ ክሌርዚና ከምትባል የካሳቫ ቂጣ ጋጋሪ ልጅ ጋር ቤት ያዘ። ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ወዲያው አረገዘች ተባለ፣ እማማ ኤልሚዝም ዘንቢላቸውን ይዘው ወደዚያ ተሻገሩ። መኪናዋ ግንባር ላይ ያለው ስም አልተፋቀም፤ በአዲስ ቀለም ደመቀ እንጂ። ሴሊያኒዝ ሌላ ባል መፈለግ ነበረባት ትሉኝ ይሆናል። ልጇን አስቆርጣ አስወጣች ለተባለች ሴት ማን ደጅ ይመጣል? ዶክተሯ የሰጠቻት ሁለት ዓመት አንድ በአንድ አለቀ። ሠላሳ ዘጠኝ ገባች።

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ክሌርዚና ራሷ መጣች። ፊቷ ነጥቷል፤ በእጇ ቀሚስ ይዛለች።

«እንደምን ዋልሽ እትዬ ሴሊያኒዝ። ይኼ ጠቦኝ ነው፤ እንዳንቺ የሚያሰፋልኝ አጣሁ።»

ሴሊያኒዝ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በልጅቷ ሆድ ላይ አዞረች። እጇ በአንድ በኩል የጠጠረ ነገር ነካ። የዚያን ጥጥረት ታውቀዋለች።

«ደም ይታይሻል?»

«በየወሩ» አለች ክሌርዚና ፈራ ተባ እያለች። «አሥራ አራት ወሬ ነው። እማማ ኤልሚዝ ታስሯል ብለዋል።»

ሴሊያኒዝ ሜትሩን ጣለችው። አሁን ዝም ብትል ማን ይወቅሳታል? እኔ አልወቅሳትም። እሷ ግን ሸሚዟን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ጉርድ ቀሚሷን ዝቅ አድርጋ፣ ከእምብርቷ በታች የተጋደመውን ጠባሳ አሳየቻት። «እዪኝ ልጄ» አለች፣ «እኔ ስድስት ዓመት ለካሁት። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ። አንቺ ገና ነሽ፣ ማህፀንሽ ይተርፋል፣ ትወልጃለሽ። በማርያም ስሚኝ!»

ክሌርዚና ሆዷን በሁለት እጇ ሸፍና ወደ ኋላ አፈገፈገች። «እንዳንቺ ልጄን በሳህን አላስወጣም» አለች።

ውጭ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ። ሴሊያኒዝ ሸሚዟን ሳትመልስ ሮጣ ወጣች። «ዲዮሰል፣ ልጅቷን ሐኪም ዘንድ ውሰዳት! እንደ እኔው ነው! እንደ እኔው ነው እኮ!»

«ይኼንንም ልጄን ልታስገድዪብኝ ነው?» አላት በመስኮቱ። ክሌርዚና ገባች፤ ታፕታፗ አቧራዋን አስነስታ ሄደች።

ቀሚሱ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። በማግስቱ ጠዋት ሴሊያኒዝ የጎኑን ስፌት ፈትታ በተለካው ልክ አሰፋችው። ከውስጥ በኩል ደግሞ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ጨመረችበት፤ ሆዱ ገና እንደሚገፋ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።