በእኔ የተላከከው ብልሽት

በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የግብርና ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ለቢሮው አንድ ኮምፒዩተር በእርዳታ ሲመጣ፣ አዲስ አበባ ሄጄ አጭር ሥልጠና የወሰድኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ማሽኑ ለእኔ ተሰጠ። ከሌሞ እስከ ሀደሮ ያሉ የገበሬ ማኅበራት የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ዝርዝር በእሱ ነበር የሚሠራው። ዝርዝሩ እየበዛ ሲሄድ ኮምፒዩተሩ ይንቀራፈፍ፣ ከዚያም መሀል ላይ ቀጥ ይል ጀመር። ሜሞሪ ይጨመርለት ብዬ ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

ከወራት በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ። ቢሮዬ ገብቶ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ "ማነው እዚህ የሚሠራው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ ነው፤ አማርኛ ስናገር ያስታውቅብኛል። ፈገግ አለና፣ "በይ ተነሺ፤ ያንቺ ሥራ ቁልፉን መምታት ነው" አለኝ።

ያን ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ሰውየው ክዳኑን ፈታና ግራና ቀኝ ቀጫጭን እግር ያላቸው ጥቃቅን ጥቁር ዕቃዎች ከካርቶን እያወጣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ሰካቸው። ሜሞሪ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ክዳኑን መልሶ ሲያጠብቅ፣ "መብራት እስኪመጣ ጠብቀን አንሞክረውም?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ምኑ ይሞከራል? የሰካሁት እኔ ነኝ" አለ።

ይዞት የመጣው ሾፌር ዝናብ ሳይመጣ እንውጣ እያለ ይጠራዋል። ባለሙያው እንደቆመ "ሥራው ተጠናቆ ማሽኑ በጥሩ ሁኔታ እየሠራ ይገኛል" የሚል ወረቀት ጻፈና ፈረመ፤ ሥራ አስኪያጃችንም ፈረመበት። እንግዲህ ግቢው ውስጥ አንድ አምፖል እንኳ ሳይበራ ነው "እየሠራ ይገኛል" የተባለው።

በማግስቱ መብራት መጣ። ማብሪያውን ስጫን ውስጡ ያለው ማራገቢያ ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ብቻ ያለማቋረጥ ይሰማል። አጥፍቼ አበራሁት። ገመዶቹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያው ነው። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ።

"ጓድ፣ ማሽኑ ከትናንቱ ሥራ በኋላ አልነሳ ብሏል።"

"ትናንት ይሠራ ነበር።"

"ትናንትማ መብራት አልነበረም።"

ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ በጣቱ መታ መታ አደረገው። "እየሠራ ይገኛል ይላል። ከዚያ በኋላ የነካሽው አንቺ ነሽ።"

ከሰዓት በኋላ አንድ ረቂቅ እንድተይብ ተላከልኝ። አነበብኩት፤ ለእኔው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። "በቸልተኝነት ወይም በሌላ ዓላማ የመንግሥትን ንብረት ለብልሽት በመዳረግሽ" ይላል። በሌላ ዓላማ ማለት አሻጥር ማለት ነበር፤ በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከሥራው ተባርሮ ብቻ ከቀረ ተመስገን ይላል። የራሴን ክስ በሁለት ካርቦን አድርጌ በጽሕፈት መኪና ተየብኩት። የፊደል ስህተቱን እንኳ አርሜለታለሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ከማሽኑ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበብኩ። መጨረሻው አካባቢ ስለ ድምፆቹ የሚናገር ገጽ አገኘሁ። ሳያቋርጥ ጢጥ ጢጥ ካለ ችግሩ ያለው ሜሞሪው ላይ ነው ይላል፤ ማለትም ሰውየው የሰካው ላይ።

ዓርብ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቴን ለጓዶች እንድገልጽ ጠየቀኝ። ተነሳሁ።

"ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ አልልም። ክዳኑ ይከፈትና ሁላችሁም እዩት።"

"የባለሙያ ሥራ ታይፒስት አትከፍተውም" አለ።

ይሄኔ የንብረት ክፍል ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የጃጁራ ሰው ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ጓድ፣ ይህ ዕቃ የገባው በእኔ ፊርማ ነው" አሉ። "ነገ ቢጠፋም ቢበላሽም የምጠየቀው እኔ ነኝ። የተረከብኩትን ማየት አለብኝ፤ ይከፈት።"

ፊርማ ሲባል ሥራ አስኪያጁ "እሺ፣ ይከፈት" ብሎ ተነሳ። ሁሉም ወደ ቢሮዬ ተከትሎን መጣ። ገመዱን ነቅዬ ክዳኑን ፈታሁና አዲሶቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከአንዷ ዕቃ እግሮች መካከል አንደኛው ቀዳዳው ውስጥ ሳይገባ ወደ ሆዷ ታጥፏል።

"ጋሼ፣ ይህችን ይዩልኝ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። "ይሄ እኮ አልገባም፣ ልጄ" አሉኝ በሀዲይኛ፤ ቀጥለው ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ደገሙት። ከቁልፋቸው ጋር የሚይዟትን የእሾህ መንቀሻ ወረንጦ ሰጡኝ። ዕቃዋን ነቀልኩ፤ እግሯ እንዳይሰበር ቀስ አድርጌ አቃናሁና መልሼ ሰካኋት። ገመዱን ሰክቼ ማብሪያውን ስጫን አንድ ጊዜ ብቻ ጢጥ አለና ስክሪኑ በርቶ ሜሞሪውን በቁጥር መቁጠር ጀመረ።

ማንም ይቅርታ አላለኝም። ሥራ አስኪያጁ፣ "እንግዲህ ተሠራ፤ ወደየሥራችን" ብሎ ሊወጣ ሲል፣ "ደብዳቤውስ?" አልኩት።

"ማሽኑ ተሠርቷል። ሌላ ምን ቀረሽ?"

"ስሜ።"

የዘሩን ዝርዝር የገበሬ ማኅበራቱ እየጠበቁት ነበር፤ ደብዳቤው ሳይሻር ማሽኑ ጋ አልቀመጥም አልኩ። ሰኞ ጠዋት ሌላ ረቂቅ ላከልኝ። "ማስጠንቀቂያው ለጊዜው ተነስቷል" ይላል። ለጊዜው! ስተይበው ያቺን ቃል ዘለልኳት። ሳያነብ ፈረመበት።

ዝርዝሩን በዚያው ሳምንት አደረስኩ። ባለሙያውን ግን ለምን ሳትሞክር ሄድክ ብሎ የጠየቀው የለም። እንዲያውም የዓመቱን ሪፖርት ስተይብ፣ ኮምፒዩተሩን ያሻሻለ ተብሎ ምስጋና የተጻፈው ለእሱ ነበር። ያችን መስመር ልዝለላት ብዬ ነበር፤ አልዘለልኳትም። እንዳለች መተየቤን ሳስብ አሁንም ያናድደኛል።