ባንዲራው ሳይነቀል

ባሌ የጎልፍ ካዲ ነበር። ካዲ ማለት የተጫዋቹን ከረጢት ተሸክሞ አብሮት የሚዞር፣ ነፋሱን የሚያይለት፣ ርቀቱን የሚነግረው፣ ሲበሳጭ ደግሞ ዝም ብሎ የሚሰማው ሰው ነው። ይህን ለአባቴ በስልክ ለማስረዳት ስንት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። አዲስ አበባ ቤታቸው ሽማግሌ ተልኮባቸው “ልጁ ሥራው ምንድን ነው?” ብለው ሲጠይቁ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩና “አሜሪካ የኳስ ተጫዋች ዕቃ ይይዛል” አሉ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። አባቴም አላስቀመጧቸውም። ሁለተኛ ተላኩ፤ ቆመው ገቡ፣ ቆመው ወጡ። “ልጄን ለኩሊ አልሰጥም” ነበር መልሱ።

እኛም ሳን ሆዜ ባለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ተጋባን። አባቴ ከዚያ በኋላ ባሌን ሲያነሱት “ያ ሰውዬ” ነው የሚሉት። “ያ ሰውዬ ደኅና ነው?” ይላሉ፣ እኔም ደኅና ነው እላለሁ፣ ስልኩን ዘግቼ አለቅሳለሁ። አንድ ቀን “ልጄ” ብለው እንዲጠሩት ብቻ ነበር የምፈልገው። ሌላ ነገር ከእሳቸው አልፈለግኩም።

ባሌ የሚሠራበት የጎልፍ ውድድር እኛ ከመምጣታችን በፊት የነበረ ነው። ከኦክላንድ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የሰፈሩ ነጋዴዎች ጀመሩት ይባላል። የሚጫወቱበት በቴሌቪዥን የምናያቸው ታዋቂዎች አይደሉም፤ ወደ ትልቁ ውድድር ለማለፍ የሚታገሉ ወጣቶችና ከዚያ ወርደው መመለስ ያቃታቸው ጎልማሶች ናቸው። እኔ ባወቅኩት ጊዜ እንኳ ስሙ ደጋግሞ ተቀያይሯል፤ አንዴ የባንክ፣ አንዴ የመኪና ሻጭ፣ በመጨረሻ የኮምፒውተር ኩባንያ። ወጪውን የሚሸፍነው ሲቀየር የባንዲራዎቹም ቀለም ይቀየራል። የአካባቢው ሰው ግን ስሙን ለማስታወስ አይደክምም፤ “የኮረብታው” ይለዋል፣ በቃ። አባቴ በመጡበት ዓመት የኮምፒውተር ኩባንያው በቃኝ አለ፣ ሌላም ተተኪ ጠፋ። የተመልካቹ መቀመጫ አንሶ፣ ድንኳኑ ተመናምኖ፣ የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። የመጨረሻው መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም።

አባቴ ሊጠይቁን የመጡት ታዲያ በዚሁ ውድድር የመጨረሻ ቀን ነው። ቀኑን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ትኬቱን የቆረጠላቸው ወንድሜ ነው፣ እግዜር ይይለት። ባሌ ኤርፖርት ሊመጣ አልቻለም። ከረጢቱን የሚይዝለት ተጫዋች፣ እዚያው አካባቢ ያለችው የካስትሮ ቫሊ ልጅ፣ በዚያ ሳምንት እጁ ተባርኮ ነበር። በዚያው ከጨረሰ ወደ ትልቁ ውድድር ያልፋል፣ ካለፈም ባሌን ይዞት ይሄዳል፤ እንዲህ ተባብለዋል። እኔም በልቤ፣ ያኔ ባሌ አባቴ ፊት አንገቱን አይደፋም እላለሁ። ዕቅዴ አባቴን ቤት ወስጄ ማሳረፍ፣ ማታ ባሌ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ የምሥራች ይዞ እንዲቀርብ ነበር። ከረጢት ተሸክሞ እንዲያዩት አልፈለግኩም።

“ያ ሰውዬ የት አለ?” አሉ፣ ሻንጣቸው ገና ሳይመጣ።

“ሥራ ላይ ነው አባባ።”

“በእሑድ?”

“ዛሬ ፋይናል ነው፤ ኦፍ መውሰድ አይችልም።”

“እንግዲያው ሥራውን አሳዪኝ።”

“ደክሞዎታል እኮ፣ መጀመሪያ ቤት ሄደን ትንሽ…”

“አሳዪኝ አልኩሽ።”

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ወደ ኦክላንድ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ወጣን። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ውኃው ያያሉ። አንዴ መንገድ የተሳሳትኩ መስዬ ቤት ልውሰዳቸው ብዬ አሰብኩ፤ አባቴን ግን ማታለል ሞክሬ ተሳክቶልኝ አያውቅም።

ስንደርስ ጨዋታው መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ነበር። ሕዝቡ አጭር የታጨደውን ሣር ከቦ ቆሟል፣ በጎ ፈቃደኞቹ “ጸጥታ” የሚለውን ሰሌዳ ከፍ አድርገዋል። የባሌ ተጫዋች ኳስ ከጉድጓዷ በጣም ርቃ ወድቃለች። እንዲህ ሲሆን ካዲው ጉድጓዷ ላይ የተተከለውን ባንዲራ ይዞ ይቆማል፣ ተጫዋቹ ወዴት እንደሚመታ እንዲያይ። ኳሷ ስትቀርብ ነቅሎ ገለል ይላል። ሳይነቅለው ኳሷ የባንዲራውን ዘንግ ከነካች፣ በዚያ ጊዜ ሕግ ተጫዋቹ ላይ ሁለት ምት ይጨመርበታል፤ ጎልፍ ደግሞ ምቱ ያነሰ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። ልጁ የመጣለትን ዕድል እንዲይዝ የቀረው ይህንን ጉድጓድ በሰላም መጨረስ ብቻ ነበር።

አባቴ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በከዘራቸው መንገድ እያስለቀቁ ፊት ለፊት ወጡ። ከኋላ ኮታቸውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩም። ልጁ ኳሷን መታ።

ያን ጊዜ ባሌ ቀና ሲል አባቴን አየ። በአካል አግኝቷቸው አያውቅም፤ ፎቶግራፋቸው ግን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው፣ በየቀኑ ጠዋት ያየዋል። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያንን ሁሉ ሕዝብ ረሳው። በግራ እጁ ባንዲራውን እንደያዘ፣ በቀኙ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገና ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እናቱ እንዳሳደገችው ሆኖ፣ አጎንብሶ ቆየ። “ንቀለው!” ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ኳሷ ዘንጉን ቀጭ አድርጋ መታችው።

ልጁ ሳሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሕዝቡ አጉረመረመ። በእነዚያ ሁለት ምቶች ሳያልፍ ቀረ።

“ምን ሆነ?” አሉ አባቴ።

አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። “ኩሊው ለእርስዎ እጅ ሲነሣ እንጀራው ተበላሸ!” አልኳቸው።

አባቴ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና “ተጫዋቹ ዘንድ ውሰጂኝ” አሉ።

ልጁ መኪና ማቆሚያው ላይ ከረጢቱን ራሱ እየጫነ ነበር። ባሌ ራቅ ብሎ መሬት መሬት ያያል። አባቴ ሄደው ልጁ ፊት ቆሙ። ልጁም ሽማግሌ መሆናቸውን አይቶ ከመኪናው ታጣፊ ወንበር አውጥቶ ዘረጋላቸው።

“መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም በይው” አሉኝ። ተረጎምኩ። ልጁ ግራ ገባው።

“ይህ ሰው ያጠፋው በእኔ ምክንያት ነው። ታላቅ ሲመጣ ዝቅ ማለት አስተዳደጉ ነው። ይቅር በለው። ሥራውንም አታስጥለው። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁብህ በይው።”

ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ልጁ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ። “ሶሪ፣ ሰር” አለ። “ጥሩ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን የፈለግኩት ኳሷን እንዲያይልኝ ነበር።” እውነቱን ነው፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። በሌላ ዓመት ቢሆን “ለከርሞ ያድርሰን” ተባብለው ይለያዩ ነበር። ከዚያ ኮረብታ ላይ ግን ከርሞ የሚባል ነገር አልቀረም፤ ከኋላችን ሠራተኞቹ ባንዲራዎቹን ነቃቅለው መኪና ላይ እየጫኑ ነው። ልጁ የባሌን እጅ ጨብጦ ሄደ። ወንበሩን እንኳ ሳይወስድ።

አባቴ ከባዶው ወንበር አጠገብ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀሩ። ባሌ ፈራ ተባ እያለ ቀረበ።

“አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ። ደክሞዎታል።”

“ቆሞ መመለስ እንዲህ ነው ለካ” አሉ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ቀጥለው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዩት። “ሽማግሌዎችህን እንደገና ላካቸው።”

“አባባ፣ ተጋብተናል እኮ…”

“ላካቸው አልኩህ!”

በሳምንቱ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያናችን የተመረጡ ሽማግሌዎች የአፓርታማችንን ደረጃ እያለከለኩ ወጥተው ሳሎናችን ውስጥ ቆሙ። ባሌ በር ላይ ነው። እኔ ኩሽና ውስጥ ሆኜ አዳምጣለሁ። አባባ ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ? አባቴ የባሌን ሥራ ጠየቁ። “አሁን ሥራ እየፈለገ ነው” አሉ ሽማግሌዎቹ። አባቴ ለወጉ ያህል ጥቂት አስቆሟቸውና “ተቀመጡ” አሉ። እኔም የኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ባሌ ገብቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። እንደዚያ እንዳቀረቀረ ቀረ። አባቴ እጃቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉ።

“ቀና በል ልጄ” አሉት። “ኳሷ እየመጣች ነው።”