ድክመት የሌለው ጀግናዬ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ካለው ማንጎ ሥር ሦስት ወጣቶች ይሰበሰባሉ። አንዱ ተከራዬ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። ሌላው በሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የሚሠራ ነርስ ሲሆን በሚኒባስ ይመጣል። ሦስተኛዋ የሆሞሻ ወረዳ ልጅ ናት፤ እዚሁ አሶሳ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛዋ ሁሉንም ሰው «አንተ» ትላለች፣ እኔን ሽማግሌውን ጨምሮ። ቅር ያለኝ መስዬ እደሰትበታለሁ።

ካርታ አይጫወቱም፣ ዳማም አይደለም። የሌለ አገር ፈጥረው እዚያ ይውላሉ። አንዱ «ጫካው ውስጥ ጭስ አየሁ» ይላል፤ ሌላው ካቆመበት ይቀጥላል። ዕጣ አይጣልም፣ ዳኛም የለም። ያለው እያንዳንዱ ስለ ፈጠረው ገጸ ባሕርይ የሞላው አንድ ቅጽ ብቻ ነው፦ ማን ነው? ምን ይችላል? ምን ያቅተዋል?

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ግቢ የሚሰማው ማንጎ ሲወድቅ ብቻ ነበር። ልጆቼ ያሉት ስልክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሬዲዮ የማዳምጥ መስዬ በመስኮት እነሱን አዳምጥ ጀመር። ሬዲዮው ባትሪ እንደሌለው ነርሱ ነቃብኝ።

«አባባ፣ ለምን አብረውን አይጫወቱም?»

ለክብሬ ያህል ትንሽ አንገራገርኩ። ትንሽ ማለቴ ወንበሬን ይዤ እስክወጣ ድረስ ነው።

ቅጽ መሙላትማ የእኔ ሙያ ነው! ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው። ጀግናዬን «የሰባት ተራራ ጌታ» አልኩት። በእሳት አይቃጠልም፣ አንበሳ ይጋልባል፣ ወገቡን አያመውም። «ድክመት» ከሚለው ፊት ለፊት፣ በሥራ አፈጻጸም ምዘና እንደለመድኩት፣ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። በእኛ መሥሪያ ቤት የሰው ድክመት መጻፍ እንጀራውን መንካት ነው፤ አለቃ የጠላው ሠራተኛ እንኳ «ሥራ ያበዛል» ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ ፈረምኩ፤ ጉርድ ፎቶግራፍም አያያዝኩ። ማኅተም ጠፍቶ እንጂ እመታበት ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ነርሱ ቀስት ቢወረውርብኝ ተመለሰበት። ጉድጓድ ቢቆፍሩልኝ በረርኩ። የሆሞሻዋ ልጅ ገጸ ባሕርይ ማር ቆራጭ ነበረች፤ መንደሯን ከዘንዶ ልታድን ስንት ቅዳሜ ስትዘጋጅ ከርማለች። ዘንዶው ብቅ ሲል እኔ ባንድ ዓረፍተ ነገር ገደልኩት። አጨብጭቡልኝ ብዬ ወደ እነሱ ዞር አልኩ።

«ወላሂ፣ አባባ፣ አንተ ሁሉን ጨረስክ» አለች። «ለእኔ ምን ቀረ?»

ተከራዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ጨዋታ ውስጥ ልጓማችን ቅጹ ብቻ ነው። ምን እንደሚያቅትዎት ካልነገሩን ማንም ሊነካዎት አይችልም፤ ያኔ ደግሞ ጨዋታ የለም። ድክመት ካልጻፉበት እኛ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ሄደን ብንጫወት ይሻላል።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ባዶዎቹን ወንበሮች እያየሁ ድክመት ስፈልግ ከረምኩ። ሰው ስንት ድክመት ተሸክሞ አንድ የሚጻፍ ያጣል?

ቅዳሜ መጡ። «ከመጠን በላይ ደግ ነው» አልኩ።

«ይሄማ ሙገሳ ነው» አለ ነርሱ።

«እሺ፣ እንቅልፍ የለውም።»

«ጥሩ ዘበኛ ይወጣዋል።»

«ሲቆጣ ያስፈራል!»

የሆሞሻዋ ልጅ ከት ብላ ሳቀች። «ማን ፈራ?»

ተከራዬ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ልጅቷ ግን አልተነሣችም። «አባባ፣ ጀግናው ይቅር። አንተ ምን ትፈራለህ?»

«ምንም» ልል አፌን ከፈትኩ። ወረቀቶቹ ቦርሳ ሊገቡ ነው።

«ውኃ» አልኩ። «ከወሎ በሰፈራ ከመጣሁ ጀምሮ የዳቡስን ወንዝ የተሻገርኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። በድልድይ! አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ! ባለቤቴ እጄን ትይዘኝ ነበር። ለተሳፋሪው የፈራችው እሷ እንድትመስል ደግሞ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል ታደርጋለች።»

ልጅቷ እስክሪብቶ አቀበለችኝ። «የለም» የሚለውን ሰርዤ «ውኃ ይፈራል፤ እጁን የሚይዘው ካላገኘ አይሻገርም» ብዬ ጻፍኩ።

ተከራዬ ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረበትም። ቦርሳውን አስቀመጠና «ከተራራው ስትወርዱ ሰፊ ወንዝ ገጠማችሁ» አለ።

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

ነርሱ ቀድሞ ተሻገረና ከማዶ «የሰባት ተራራ ጌታ! አንበሳዎን አይጋልቡም?» ብሎ ጮኸ።

«አንበሳውም ይፈራል» አልኩ።

«ማር ቆራጯ ተመለሰች» አለች የሆሞሻዋ ልጅ። «እጁን ያዘች።»

ከዚያ መራችኝ። ይህን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። የቱ ድንጋይ እንደሚያንሸራትት፣ የቱ ሥር እንደሚያዝ፣ አማርኛው ሲያጥራት በበርታ እየሞላች ነገረችን፤ ማንም ትርጉም አልጠየቃትም።

«ጥልቅ ነው?» አልኩ።

«ዝም በል፣ አባባ። ድንጋዩን እይ።»

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ አለች። ነርሱ የሚኒባሱ ሰዓት እንዳያልፈው ስልኩን አየ።

«ቅዳሜ የት ነው የምትጫወቱት?» አልኩ፣ ግድ የሌለኝ ለመምሰል ወደ አጥሩ እያየሁ።

«ወዴት እንሄዳለን፣ አባባ? እዚሁ ነዋ» አለ ተከራዬ።

ልጅቷ ግን ገና መሃል ወንዝ ላይ ነበረች። «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለች፤ ነርሱም ስልኩን ኪሱ ከተተ።