ኢኒድ ያልፈቀደችው ስም

ጎረቤቴ ኢኒድ ሰው አታምንም። ሥጋ ሻጩ ሲመዝንላት ዓይኗ ከጣቱ አይነቀልም፤ የአየር ትንበያ እንኳ ሆን ብሎ የሚያታልላት ይመስላታል። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አርባውን ዓመት እዚሁ እንግሊዝ፣ ሃሊፋክስ ከተማ ምንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ አሳልፋዋለች። ክፉ ሴት ናት የሚል ካለ ግን ከእኔ ጋር ይጣላል።

የልጅ ልጇ ካርሊ ሴት ልጅ በወለደች ሰሞን ዘመድ ሁሉ የስም ዐዋቂ ሆነ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የዛሬ ወጣቶች እኛ ያፈርንበትን የአያት ስም ከመቃብር ድንጋይ ላይ ሳይቀር እየለቀሙ ለልጆቻቸው ያወጣሉ። በዚያ ላይ የመሀል ስም አለ። መዝገብ ላይ ይጻፋል እንጂ ማንም አይጠራበትም፤ ከፊተኛው ጋር ካልገጠመ ግን ሰው አገር ይያዝልኝ ይላል።

«ኤቴል ብላትስ?» አለች ካርሊ አንድ ከሰዓት፣ ቤቷ ሻይ እየጠጣን።

«የልብስ ሳሙና ይሸታል» አለቻት አማቷ።

«አግነስስ?»

«ልታመነኩሻት ነው እንዴ?»

«እንግዲያው ቆርጫለሁ። ማቤል ሮዝ!»

ኢኒድ ስኒዋን አስቀመጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«ከስንት ሺህ ስም መሀል እሱን ማን ሰጠሽ?»

«ማንም! ደስ ብሎኝ ነው፣ ናና።» አያቷን የምትጠራት እንዲህ ነው።

«ያ ስም እዚህ ቤት አይገባም» ብላ ኮቷን አንስታ ወጣች።

ማታውኑ በሬን አንኳኳች። «አንቺ ነሽ አይደል የነገርሻት?» አለችኝ። የምነግረው ቀርቶ የማውቀው ነገር አልነበረኝም፤ ምዬ ብነግራትም አላመነችኝም። ካርሊም በፊናዋ ጠረጠረች። የአክስቷ ልጅ ጆዲ እርጉዝ ናት፤ እዚህ ደግሞ በተሰረቀ ስም የተነሳ ዘመዳሞች ዓመታት ይኳረፋሉ። «ናና ስሙን ለጆዲ ልታስቀምጥላት ነው» አለችኝ እያለቀሰች። እውነቱን ልናገርና እኔም ያንኑ ጠርጥሬ ነበር።

ሕፃኗ «ሚጢጢ» እየተባለች ስም ሳይወጣላት ከረመች። ልደት በአርባ ሁለት ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በአርባኛው ቀን ኢኒድ መጥታ «ነይ፣ ነገ ቃሌን እንዳያጣምሙት ምስክር ሁኚኝ» ብላ ካርሊ ቤት ወሰደችኝ። ቁጭም አላለች።

«ታናሽ እህት ነበረችኝ» አለች። «አምስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። ዳቦ ግዙ ተብለን ተላክን። ቦዩ ላይ ጀልባ ሲያልፍ ለማየት ቆምኩ። ዞር ስል የለችም። እስኪመሽ በዳሩ ላይ እየሮጥኩ ማቤል፣ ማቤል ስል ዋልኩ። በማግስቱ ከውኃ አወጧት። እናቴ ያንን ስም ዳግመኛ አላነሳችም። እኔም እስከ ዛሬ አላነሳሁም።»

ካርሊ ሚጢጢን ደረቷ ላይ አስጠጋች። «ናና… በሞትኩት፣ አላወቅኩም። ይቅር፣ ሌላ እንፈልጋለን።»

«አይቀርም!» ብላ ተቆጣች ኢኒድ። «መሀል አግቢው። መጻፉንስ ይጻፍ። ብቻ ከበር ላይ ሆነሽ ስትጠሪው አልስማ።»

በማግስቱ ከሰዓት ካርሊ ልጇን ታቅፋ፣ የልደት ወረቀቱን ይዛ ኢኒድ ቤት መጣች፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ኢኒድ መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አነበበችው። ኢኒድ ማቤል ይላል።

«ማን የኔን አስገቢ አለሽ?» አለች። «ማንም የማይፈልገው የአሮጊት ስም! ለጆዲ ሮዝን ልትተዪላት ነው? ምንድን ነው ተንኮልሽ?»

«ምንም ተንኮል የለኝም» አለች ካርሊ። «ማቤል ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው።»