የእታለም ድንክ ጥድ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ እንጨት መሸጫ ደጃፍ ሳልፍ አዲስ የተሰነጠቀ ጥድ ሸተተኝና ባለሁበት ቆምኩ፤ ያን ሽታ የማውቀው ደብረ ታቦር ካለው የልጅነት ግቢያችን፣ ከአባቴ ታናሽ እኅት ከእታለም ጣቶች ላይ ነው።

እታለም ከቤሩት የተመለሰች ጊዜ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። በሰው ፊት እህል የማይወርድላት፣ ስሟ ሲጠራ የምትደነግጥ ሆና መጣች። ምን እንደ ደረሰባት ማንም አልጠየቃትም፤ እናቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንድትሞቅ ደጅ ላይ ቁርበት ታነጥፍላት ነበር።

አንድ ቀን ከችግኝ ጣቢያው በር ላይ፣ አያድግም ተብሎ የተጣለ የቀጨጨ ጥድ አንሥታ መጣችና ከቤታችን ፊት ለፊት ተከለችው። እውነትም ድንክ ነበር፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ፣ ሰርግ ቤት ቦታ እንደ ያዘች ባልቴት ወደ ጎን ተደላደለ። እታለም ከሥሩ አረም ትለቅማለች፣ ውስጥ ውስጡን የደረቀውን ቅጠል በጣቷ ታራግፋለች፣ ጫፍ ጫፉን በመቀስ ትከረክማለች፤ የጉና ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የማዳበሪያ ጆንያ ታለብሰዋለች። አባቴ፣ "እኛ ብርድ ልብስ አጥሮን ዛፉ ካፖርት ለበሰ" እያለ ያሾፍ ነበር።

ኋላ አባቴ የሚከራይ ክፍል ሊሠራ ተነሣ። ግንበኛው ሲባጎ ቢወጥር መስመሩ በጥዱ ላይ አለፈ። አባቴ መጥረቢያ ይዞ ሲመጣ እታለም ከቤት ወጥታ ፊቱ ተገተረች።

"ጋሼ፣ ይህን አይንኩብኝ።"

"ምን ይረባል? ምሰሶ አይሆን፣ ማገር አይሆን!"

"አይረባም ተብሎ የተጣለ ነው፤ እንደኔ" አለች። "አንቱ ግን እኔ ስመለስ ምን ትረባለች ብለው በር አልዘጉብኝም።"

አባቴ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ከዚያ ግንበኛውን፣ "ሲባጎውን ወደዚያ ፈቀቅ አድርገው" አለው።

"ኧረ ጋሼ፣ ቤቱ ይጣመማል!"

"ይጣመማ! ቤቱ የኔ፣ አንተን ምን አገባህ?"

ክፍሉ ወገቡን ሰብሮ ተሠራ፤ አልጋ የማይገባበት ማዕዘን ነበረውና ተከራይ ሁሉ ይስቅበት ነበር። እታለም ግን ጥዱ የተረፈ ዕለት ምሳ ከእኛ ጋር ገበታ ቀርባ በላች። እናቴ ወጥ እጨምራለሁ ብላ ጓዳ ገብታ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ።

ዛሬ አባቴ የለም። ግቢያችን መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ፤ ጥዱም አብሮ ሄደ፤ የቤታችንን ቦታ የምለየው በግምት ነው። ግቢው የፈረሰ ሰሞን እታለምን ምን ብዬ እንደማጽናናት እያሰብኩ፣ ኋላ አግብታ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ወደምትኖርበት፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወዳለው ጋፋት ወረድኩ። ደጇ ላይ ተንበርክካ ጉድጓድ ስትቆፍር ደረስኩ። ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ አዲስ የጥድ ችግኝ እጄ ላይ አኖረች።

"ቀጥ አድርገሽ ያዢልኝ፣ እናቴ።"

"ይኸኛውስ ይረዝም ይሆን?" አልኳት።

"እንጃ" አለች፣ አፈሩን በሁለት እጇ እየመለሰች። "እንደ ወደደ ይሁን፤ ቦታው ሰፊ ነው።"