ተፎካካሪ ያጣው ቡድን፦ ከጎባ እስከ ገሰራ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት የእህቴን ልጅ ቢፍቱን ስትጫወት ለማየት ነው። ቢፍቱ ሮቤ ኮሌጅ ትማራለች፤ የኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል ናት። ቡድኑ በአካባቢው ኮሌጆች ውድድር መሸነፍ ቀርቶ መጨነቅም አያውቅም። ዘንድሮ ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ክረምቱን ለሙከራ ጠርቷታል። ጎባ የምትኖረው እናቷ፣ ታላቅ እህቴ ዘነበች፣ ይህን ሰምታ ደወለችልኝ።

“አንቺ በወጣትነትሽ ተጫውተሻል፤ እኔ ኳስ አላውቅም። ልጄ እውነት ጎበዝ ናት ወይስ ሌሎቹ ናቸው ደካሞች? ሄዳ አንገቷን ደፍታ እንድትመለስብኝ አልፈልግም። መጥተሽ እይልኝ።”

አሰላንና በቆጂን አልፈን ዶዶላ ምሳ በላን። ከአዳባ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ሲወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጉልበታችን ላይ ተቀመጠ። ዲንሾ ላይ ጭጋግ ወረደ። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ዘፈኑንም ቀነሰ። ከመንገዱ ዳር ሁለት አጋዘኖች ቆመው ነበር፤ ግማሽ አካላቸው በጭጋጉ ተውጧል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ተሳፋሪው ሁሉ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ።

ጎባ

በማግስቱ ጨዋታው ጎባ ነበር። ዘነበች ጨጨብሳ በሐረና ማር አብልታ ላከችኝ። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ ከጀርባው ያለው ተራራ ደመናውን አንዴ ይለብሰዋል፣ አንዴ ያወልቀዋል።

ቢፍቱ ረጅም ናት፣ እጇም ለስላሳ ነው። ኳሷ ከጣቷ ወጥታ ቅርጫቱ ውስጥ ስትገባ ድምፅ የላትም። ግን የሚከለክላት አልነበረም። የጎባዎቹ ልጆች ስትመጣ መንገድ ይለቁላታል። ጨዋታው ሲያልቅ ተሸናፊዎቹ ተሰልፈው አብረዋት ፎቶ ተነሱ።

የሮቤዎቹ አሰልጣኝ ጀማል አጠገቤ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። “ሁልጊዜ እንዲህ ነው እህቴ። ማሸነፉ አልሐምዱሊላህ፤ ግን ልጆቼን ማን ይፈትንልኝ?”

እኔም ለዘነበች የምነግራት ነገር አላገኘሁም።

ሳነቴ

በማግስቱ ቢፍቱ “አክስቴ፣ ላይ ልውሰድሽ” አለችኝ። ወደ ዶሎ መና የሚወርድ የጭነት መኪና ሳነቴ ከሚባለው ከፍታ ሜዳ ላይ አወረደን። ዛፍ የለም፤ ጅብራ የሚባሉ ረጃጅም ተክሎች ብቻ እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆመዋል። ትንንሽ ኩሬዎች ሰማዩን ይዘው ዝም ብለዋል። አንድ ቀይ ቀበሮ አየን፤ እሱም አየን፣ ከዚያ ምንም እንዳላገኘ ሰው መንገዱን ቀጠለ። አየሩ ስስ ስለሆነ ስንራመድ የራሳችን እግር የራቀን ይመስል ነበር።

“ሕልም አያለሁ” አለችኝ። “እየሮጥኩ ነው፤ ኳስ ይዣለሁ። ሜዳው አያልቅም፤ ማንም አይከለክለኝም። መጀመሪያ ደስ ይለኛል። በኋላ ማልቀስ እጀምራለሁ።”

“አዲስ አበባ መሄዱን ፈራሽው?”

“ጎበዝ መሆኔን የነገሩኝ እኮ የማሸንፋቸው ልጆች ናቸው።”

ነፋሱ ነጠላዬን ሲጎትት ግማሹን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት።

ገሰራ

የመጨረሻው ጨዋታ ገሰራ ነበር። ከቡድኑ ጋር በኮሌጁ አውቶቡስ ሄድኩ። የገብስ ማሳው ሊያሸት ደርሷል፤ ነፋስ ሲያልፍበት አገሩ ሁሉ የሚተነፍስ ይመስላል። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱን በጎችና ፈረሶች ሞልተውታል። አንዲት እናት በመስኮት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ሸጡልን፤ አዲስ አበባ በዚያ ዋጋ ሻሂም አይገኝም። “ገለቶማ!” ብለው አመሰገኑ፤ ልጆቹንም መረቁ።

የገሰራ ቡድን አምስት ልጆች ብቻ ነበሩት። ሰውነት ሲያሟሙቁ የአንዷ ቁርጭምጭሚት ዞረ። አምስት ሳይሞላ ጨዋታ ስለማይጀመር ዳኛው ፎርፌ ብሎ ለሮቤ መዘገበ። የገሰራዋ አምበል ፎዚያ ሜዳው መሃል ቆማ ቀረች።

“ሕዝቡ መጥቷል” አለች። “እንዲሁ እንበተን?”

ቢፍቱ ወደ አሰልጣኟ ዞረች። “ጋሽ ጀማል፣ ውጤቱ ተመዝግቧል አይደል? ለእነሱ ልጫወት።”

ጀማል ፈገግ አለ። ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። “ሂጂ። ልጆች! እንዳታዝኑላት።”

ቢፍቱ የተጎዳችውን ልጅ ቢጫ መለያ ለበሰች፤ እጅጌው አጠራት። ፊሽካ ተነፋ።

አላዘኑላትም። የገዛ ጓደኞቿ እያንዳንዷን እርምጃዋን ያውቋታል። ወደ ቀኝ ልትዞር ስትል ቀድመው ቆመው ይጠብቋታል። ኳስ ተነጠቀች፤ ደግማ ተነጠቀች። ስትወረውር ኳሷ ቀለበቱን መትታ ተመለሰች። ራሷም ወደቀች። ቢፍቱ ስትወድቅ ያኔ ገና ማየቴ ነበር። ፊቷ ቀላ፤ እናቷ የፈራችው ይሄንን ነው አልኩ።

በእረፍት ሰዓት ፎዚያ ውሃ እያቀበለቻት “ሁሉንም ብቻሽን አትሩጪው። እኛም አለን” አለቻት።

ከእረፍት በኋላ ሌላ ቢፍቱ አየሁ። ሦስት ሆነው ሲከቧት ኳሷን ለፎዚያ ትለቃለች፤ ፎዚያ ታገባለች። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ የሄደች መስላ በግራ እጇ አስቆጠረች፤ በዚያ እጇ ስታስቆጥር አይቻት አላውቅም። ተመልካቹ “ጃባዱ! በርቺ!” እያለ ሜዳው ጠበበው። ደመና ወርዶ ሜዳው ላይ ሲያልፍ ልጆቹ ለአፍታ ጥላ ብቻ ሆኑ፤ ከጥላው ውስጥ ሳቅ ተሰማ።

ቢፍቱና ገሰራዎቹ በትንሽ ነጥብ ተሸነፉ። ቢፍቱ ሲሚንቶው ላይ ተጋድማ ወደ ሰማይ እያየች ታለከልካለች። “አክስቴ፣ ተሸነፍኩ!” አለችኝ። የምሥራች የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው።

መመለስ

ዘነበች በር ላይ ጠበቀችን። “እሺ፣ ጎበዝ ናት?”

“ከማን እንደምትበልጥ አላውቅም” አልኳት። “ሲያቅታት ምን እንደምታደርግ ግን አየሁ። ልቀቂያት።”

እህቴ ሄዳ የልጇን ጫማ ለመንገድ ማጠብ ጀመረች።

ወደ አዲስ አበባ የተመለስነው ሁለት ሆነን ነው። እኔ ማሸነፍ ችሎታን የሚገልጥ ይመስለኝ ነበር፤ ከባሌ ይዤ የመጣሁት ግን ሌላ ነው፦ ጠንካራ ተጋጣሚም ለሰው ስጦታ ነው፤ ያላገኘው ራሱን ሳያውቅ ይኖራል። ቤቴ ደርሰን በሩን ስከፍት ቢፍቱ ከኋላዬ ጠየቀችኝ።

“የክለቡ ልጆች ይበልጡኛል?”

“አብዛኞቹ።”

“እሰይ!” አለችና ቀድማኝ ገባች።